ሆስፒስና የቀድሞ ወታደር መብት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። እዚህ አሜሪካን አገር ድንኳኑ ቀርቶ አዳራሽ ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በአንዲት አባላችን ቤት ያየነው ነገር ከሞት በፊት ስላለው ጊዜም አንድ ቃል እንድንናገር አስገደደን።

የእኅታችን አባት የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ቀድመው አርፈዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1983 እስከ 1991 በአሜሪካን ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ታዲያ ሁልጊዜ «እኔ ምን ወታደር ነኝ፤ ጀርመን አገር መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ስቆጥር የኖርኩ» እያሉ ይቀልዱ ስለነበር ልጃቸውም ነገሩን ከቁም ነገር አልጻፈችውም። ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሶ ሐኪሞቹ «ሆስፒስ ይግቡ» ባሉ ጊዜ ግን ጭንቅ መጣ። ሥራዋን ብትተው የቤት ኪራይ የለም፤ ሥራ ብትሄድ አባቷ ብቻቸውን ናቸው። ይባስ ብሎ አንድ የቢሮ ሠራተኛ «ሆስፒስ ከፈረምሽ በወታደርነታቸው የሚያገኙት ሁሉ ይቀራል» ብሎ ነገራት። በዚሁ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ ሳትፈርም ቆየች። ሽማግሌው ሁለቱን ወር በሥቃይ አሳለፉት።

የተነገራት ስሕተት ነው። ሁለት ሐኪሞች ሕመሙ እንደ አካሄዱ ከሄደ ዕድሜው ከ6 ወር አያልፍም ብለው ሲፈርሙ፣ ነርሷን፣ የሥቃይ ማስታገሻውን፣ የሆስፒታል አልጋውንና ኦክስጅኑን ሜዲኬር ይከፍላል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ቪኤ የምንለው ማለት ነው፣ የመዘገበው ሰው ከፈለገ ደግሞ ሆስፒሱን በቪኤ ወጪ ያለ ምንም ክፍያ ያገኛል። በሜዲኬር ቢሆንም የቪኤ መብቱ አይነካም። ታማሚው 6 ወር ቢያልፈው ሐኪም ደግሞ ካረጋገጠ አገልግሎቱ ይቀጥላል፤ ሐሳቡን ከለወጠም በፈለገ ቀን ይወጣል። ብዙዎቻችን ፊርማውን ሞት እንደ መጥራት ስለምንቆጥረው ይህን ደጋግመን እንናገራለን።

ሆስፒስ የማይሰጠው ቀንና ሌሊት አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። ነርሷ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ነው ቪኤ «ኤይድ ኤንድ አቴንዳንስ» የሚለው የሚጠቅመው። ይህ ገቢውና ሀብቱ አነስተኛ ለሆነ፣ ያለ ሰው ድጋፍ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት ለማይችል የጦርነት ዘመን ወታደር በፔንሲዮኑ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ነው። የጦርነት ዘመን ሲባል ጦር ሜዳ መዋል የግድ አይደለም። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዘመን ከኦገስት 2 ቀን 1990 ጀምሮ ይቆጠራል። የእኅታችን አባት ያን ቀን ብርድ ልብስ ሲቆጥሩም ቢሆን በሥራ ላይ ነበሩ፤ ይገባቸዋል። ለረዳት የሚከፈለው ገንዘብ ከገቢ ላይ ስለሚቀነስም፣ «ገቢያችን ያልፋል» ብሎ ሳይጠይቁ መቅረት ጥሩ አይደለም።

ችግሩ ጊዜ ነው። ማመልከቻው ወራት ይፈጃል፤ የሆስፒስ ሰው ደግሞ ወራት የለውም። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ወረቀት ሰውን እንዴት እንደሚያስጠብቅ እናውቃለን። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ላመለክት አስቤአለሁ» የሚለውን ፎርም፣ 21-0966ን፣ መላክ ነው። ቀኑ ይያዛል፤ ዋናውን ማመልከቻ ለመሙላት አንድ ዓመት ይሰጣል። ቀጥሎ ሐኪሙ 21-2680ን ይሙላ። በማይድን ሕመም ላይ ላለ ሰው ጉዳዩ ቅድሚያ እንዲያገኝ 20-10207 የሚባል ፎርም አለ፤ ይኼን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኛም አናውቀውም ነበር። ከሁሉ በፊት ግን የስንብት ወረቀቱ፣ ዲዲ 214፣ ያስፈልጋል። የሽማግሌው ከክርስትና ካርዳቸው ጋር ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። የጠፋበት ሰው ሴንት ሉዊስ ካለው የመዛግብት ማእከል ይጠይቃል። አንድ ሰው «ፎርሙን ልሙላልሽ» ብሎ እኅታችንን 800 ዶላር ጠይቋት ነበር። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው፤ በነጻ የሚረዱ ፈቃድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት አሉ።

«የኮሪያ ዘማች አባታችንስ?» ብለው የጠየቁን አሉ። ቃኘው ከአሜሪካን 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል፤ ነገር ግን ይህ ገንዘብ በአሜሪካን ጦር ውስጥ ላገለገለ ነው። እኛንም ቅር ብሎናል፤ ሰው በከንቱ እንዳይደክም ግን መናገር አለብን።

ሽማግሌው ከፈረሙ በኋላ ሥቃዩ ቀለል አለላቸው፤ የንስሐ አባታቸውም እየመጡ አቆረቧቸው። ሌሊቱን የእድራችን ሴቶች በተራ አደሩላቸው። ያረፉት የቪኤ ውሳኔ ከመድረሱ 9 ቀን ቀደም ብለው ነው። እንዲህ ሲሆን ራሱን የቻለ ልጅ የሚያገኘው ለመጨረሻው ሕመምና ለቀብር ከኪሱ ካወጣው አይበልጥም። ያ ሁለት ወር ባይባክን ኖሮ ገንዘቡ ለአስታማሚ ይደርስ ነበር።

የቀሩት ሽማግሌው በብሔራዊ የወታደሮች መካነ መቃብር ነው። መሬቱ፣ ቁፋሮው፣ የመቃብር ድንጋዩና ሰንደቅ ዓላማው በነጻ ነው። ሣጥኑና የአስከሬን ቤቱ ሒሳብ ግን የቤተ ሰብ ነው፤ ያንን እድራችን ሸፈነ። አገር ቤት ለሚቀበርም ቪኤ የመቃብር ድንጋዩን ይሰጣል፤ የማስተከያውን ግን አይከፍልም።

እንግዲህ ራሱ ወይም አባቱ፣ እናቱ፣ የትዳር ጓደኛው በአሜሪካን ጦር ያገለገለ ያለው አባል ሁሉ ዛሬ ሲወጣ ጸሐፊያችን ጋ ስሙን ያስመዝግብ፤ የዲዲ 214ን ቅጂ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይዞ ይምጣ። ዋናውን እቤት ያስቀምጠው።