የውኃው ዋጋ የሚወሰንበት አዳራሽ

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለ ሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። እናንተ በምታዋጡት ገንዘብ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ስንረዳ፣ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚያጋጥመን የውኃ ሂሳብ ነው። አንዱን ከፍለን ሳንጨርስ ሌላው ይደርሳል። ስለዚህ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን፤ ለመሆኑ ይህ ዋጋ የሚወሰነው የት ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? መልሱን ለማግኘት በምንኖርበት በጆርጂያ፣ በዲካልብ ካውንቲ፣ የኮሚሽነሮችን ስብሰባ መከታተል ጀመርን። ያየነውን ዛሬ እናካፍላችኋለን።

ኮሚሽነር ሲባል ለብዙዎቻችን ፊታችን ላይ የሚመጣው የፖሊስ አዛዥ ነው። እዚህ ግን ኮሚሽነር ማለት የካውንቲውን በጀት እንዲያጸድቅና ደንብ እንዲያወጣ ሕዝብ ለአራት ዓመት የሚመርጠው ሰው ነው። በዲካልብ ሰባት ኮሚሽነሮች አሉ። አምስቱ የየራሳቸው ቀበና ሲኖራቸው፣ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው የካውንቲውን ግማሽ ያህል ይወክላሉ። እንግዲህ እያንዳንዳችን አንድ ሳይሆን ሁለት ኮሚሽነሮች አሉን ማለት ነው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ከ1985 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ለብቻው የሚመረጥ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው።

ሁሉም ነገር በእነርሱ እጅ አይደለም። የትምህርት ቤት ጉዳይ የራሱ የተመረጠ ቦርድ አለው። ሸሪፉም ለብቻው ይመረጣል። የክላርክስተን ነዋሪዎች ደግሞ የራሳቸው ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት አሏቸው። ውኃው ግን የካውንቲው ነው። ይህን ሳያውቁ አቤት የሚሉ ሰዎች ጊዜያቸውን በማይመለከተው ደጅ ይጨርሳሉ።

በስብሰባው ላይ ኮሚሽነሮቹ ከየአካባቢያቸው ያለውን ይናገራሉ። አንዱ ስለ ተቆፈረ መንገድ፣ ሌላው ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች ማነስ ያነሣል። ተመላልሶ የሚመጣው ግን የውኃና የፍሳሽ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ነገሩ የቆየ ነው። በመሬት ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል። በመጋቢት 2018 በቡፈርድ ጎዳና ስፋቱ 48 ኢንች የሆነ ዋና ቧንቧ ፈነዳ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕዝቡም ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ ተነገረው። የፍሳሽ መስመሮቹም ወደ ወንዞች ስለሚያፈሱ፣ ካውንቲው ከፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ከጆርጂያ ስቴት ጋር በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት በ2011 ገባ። ሥራው በ2020 ማለቅ ሲገባው አላለቀም። ጊዜው እስከ 2027 መጨረሻ ተራዘመ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ቅጣትም ተጣለ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። በየካቲት 2025 ኮሚሽነሮቹ የውኃና የፍሳሽ ዋጋ ለ10 ዓመት በየዓመቱ 10 በመቶ እንዲጨምር ወሰኑ። አሥር በመቶ ሲባል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጭማሪው በጭማሪው ላይ እየተደረበ ስለሚሄድ፣ ከጭማሪው በፊት 100 ዶላር ይከፍል የነበረ ቤት ያንኑ ያህል ውኃ ተጠቅሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 259 ዶላር ይደርሳል። የአንድ አዛውንት ገቢ በዚያው መጠን ያድጋልን? የእርዳታ ሣጥናችንስ?

ፍትሐዊ እንሁን። የተበላሸ ቧንቧ በጸሎት ብቻ አይጠገንም፤ ዛሬ ያልተጠገነው ነገ በእጥፍ ያስከፍላል። ጭማሪውን የደገፉት ኮሚሽነሮች ያቀረቡት ምክንያት ከባድ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያርፈው በዝቅተኛ ገቢ በሚኖሩት ላይ መሆኑን በዚያ አዳራሽ ቆሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። እኛ ያንን ሰው ፈለግን፤ ከጉባኤዎቻችን ግን ያገኘነው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ስንል እናንተን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ራሳችን ለዓመታት ሂሳብ ከመክፈል በቀር ወደዚያ ደጅ አልሄድንም ነበር።

ብዙዎቻችን መንግሥት ቤት መሄድ ማለት ደጅ መጥናት እንደ ሆነ ለምደን አድገናል። እዚህ ግን ስብሰባው በሕግ ለሁሉ ክፍት ነው። የሚነጋገሩበት ጉዳይ አስቀድሞ ይወጣል፣ ለነዋሪዎችም የመናገሪያ ጊዜ ተመድቧል። የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ቢሆንም፣ ገብቶ ለመስማት ዜግነት አይጠየቅም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል ለሌላ ቦታ ይጠቅም ይሆናል፤ በዚያ አዳራሽ ግን ዝም ያለ ሰው እንዳልተቸገረ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጉባኤ ስብሰባውን ተከታትሎ ለምእመናን በአማርኛ የሚያስረዳ ሁለት ሰው ይምረጥ። ሁለተኛ፣ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን የውኃ ሂሳብ ይዞ የሚመጣውን ቤተሰብ ገንዘብ ሰጥተው ብቻ አይሸኙት፤ ሁለቱ ኮሚሽነሮቹ እነማን እንደ ሆኑ ይንገሩት፣ ቋንቋ ቢያስቸግረው አብረውት ይሂዱ። ሦስተኛ፣ ስንናገር በአክብሮትና በማስረጃ ይሁን፤ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን መንገድ ሲጠገን ምስጋናም እናድርስ። ይህን ሰው ምረጡ፣ ያንን አትምረጡ ማለት ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

ለተቸገረው እጃችንን መዘርጋታችንን አናቆምም። ነገር ግን ሂሳቡ ከደረሰ በኋላ መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ተገኝቶ ስለ ጎረቤት መናገር ደግሞ ሌላ ነው። ከአሁን ጀምሮ ሁለቱንም አብረን እንሥራ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከእናንተ ጋር በዚያ አዳራሽ ለመቀመጥ ተስፋ እናደርጋለን።