ስም ያለበት ጫማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የቅርጫት ኳስ ቡድን አባሎች ያሰሙት ንግግር)





ባለፈው ዓመት ከቡድናችን አንዱ ወላጆቹን ለምኖ የታወቀ ተጫዋች ስም ያለበት ጫማ አስገዛ። ለዚሁም ከቤት አንድ በግ ተሸጠ። ጫማው ግን አስመስሎ የተሠራ ኖሮ ክረምት ሳይገባ ሶሉ ተገነጠለ፤ ስሙ ብቻ ሳይለቅ ቀረ። ወንድማችንም አፍሮ ከጨዋታ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ከዳር ሆኖ ያየናል።

በጫማ ላይ የተጫዋች ስም መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። በ1920ዎቹ ኮንቨርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሸራ ጫማው ላይ የቸክ ቴይለርን ፊርማ አተመ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ናይኪ በማይክል ጆርዳን ስም የቆዳ ጫማ ለገበያ አወጣ፤ በተረከዙም ውስጥ አየር የታሸገበት ትራስ ነበረ።

ስም ገዢ ይጠራል፤ ሥራው ግን የሌላ ነው። ተጫዋች ዘሎ ሲወርድ መሬት የምትመልስበትን ኃይል የሚያበርደው ለስላሳው የመካከል ሶል ነው። ድንገት ወደ ጎን ሲታጠፍ የሚይዘው የታችኛው ጎማ ቅርጽ ነው። የአንገቱ መርዘም ብቻውን ቁርጭምጭሚትን ከወለምታ አያድንም፤ ልኩ ትክክል፣ ተረከዙም ጠንካራ መሆን አለበት። ለእንጨት ወለል የተሠራ ለስላሳ ጎማ እንደ ደብረ ማርቆሱ ባለ የሲሚንቶ ሜዳ ቶሎ ያልቃል፤ አቧራ ሲይዘውም ያንሸራትታል።

ወላጆቻችን «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለምን?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። እንግዲህ ጀግናው ጫማን አልናቀም፤ ጀግና ያደረገውም ጫማ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በግ ሸጣችሁ ስም አትግዙልን። ይልቁንስ ሁላችንም ከምናዋጣው ገንዘብ ቡድኑ በየልኩ ጠንካራ ጫማዎች ይግዛ፤ በተራም እንጫወትባቸው። ያን ጊዜ ከዳር የቆመው ወንድማችን ወደ ሜዳ ይመለሳል።