«በካሬ ስንት?»



የመኪና መግቢያውን አርማታ ሊያስሞላ የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ «በካሬ ስንት?» ይላል። እኔ ደግሞ ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

በአዲስ አበባ እንጦጦ ግርጌ በአብዛኛው ቀይ አፈርና ድንጋይ ቶሎ ይገኛል። ወደ ቦሌ፣ ሲኤምሲና አቃቂ ስንወርድ ግን ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አንድ ግቢ በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ ተሞልቶ አይቻለሁ። ክረምቱ ሲገባ አርማታው ተነሥቶ የውጭውን በር ከሥር ያዘው። ባለቤቷ እናት በትንሿ በር እየገቡ መኪናቸውን መንገድ ላይ ያሳድሩ ነበር። ረከሰ የተባሉት ዋጋ ቁፋሮ ያልገባበት ዋጋ ነበር፤ ይህን የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ዛሬም ያሳዝነኛል።

እስቲ እናስላው። 3 ሜትር ስፋት፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው መግቢያ 30 ካሬ ነው። ግማሽ ሜትር ጥቁር አፈር ሲወጣለት 15 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አፈር ሲቆፈር ስለሚላላ ወደ 20 ይጠጋል፤ አንድ ሲኖትራክ አይበቃውም። ከዚያ ገረጋንቲ መጥቶ ውኃ እየጠጣ በስሱ በስሱ ይጠቀጠቃል፤ ሃርድኮር ድንጋይ ይደረደርበታል። እስካሁን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አልተከፈተም።

የአርማታው ውፍረት ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሲ-25 አርማታ በተለመደው አሠራራችን በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባበታል። ያው 30 ካሬ በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር 16 ኩንታል ከ20 ኪሎ ይፈልጋል። ለቤት መኪና ቀጭኑ ሊበቃ ይችላል። የውኃ ቦቴ ለሚገባበት ግቢ ግን 15ቱን እመክራለሁ፤ የቁፋሮው ወጪ በውፍረቱ ልክ አይጨምርምና።

አርማታው ውስጥ የሚገባው ፌሮም ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ምንዛሪን ይከተላል፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የቆየ የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ መዋዋል ያጣላል። አሸዋም ከሩቅ ስለሚጫን የሚከፈለው ለመንገዱ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት በሩ አጠገብ አንድ ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሩ። የአንድ ቀን ሠራተኛ ሥራ ነው። ዋጋ የሚሰጧችሁ ተቋራጮች ሁሉ ጎንበስ ብለው ያንኑ ጉድጓድ ይዩ፤ የቁፋሮውንና የሙሌቱን ዋጋ ከአርማታው ለይተው ይጻፉላችሁ።