ዝናና የሥራ ዋጋ



ዝና ማለት የአንድ ሰው ስም እርሱ በማያውቃቸው ሰዎች አፍ ሲነሣ ነው። ትምህርታችንን ጨርሰን ለመውጣት በተዘጋጀነው በእኛ ልብ ይህ ምኞት መኖሩ አይካድም። ምኞቱም ነውር አይደለም። ነገር ግን ዝና የሥራ እውነተኛ ሚዛን ነውን? ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ በሮማ በተደረገው የኦሎምፒክ ማራቶን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በማለዳ በዓለም ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ በማታ ግን ዓለም ሁሉ ጠራው። ይሁን እንጂ ጉልበቱ በዚያች ምሽት አልተፈጠረም፤ አስቀድሞ በብዙ ልምምድ ያከማቸው ነበር።

በዚያው ውድድር ሌላም አበበ ነበረ። አበበ ዋቅጅራ ያንኑ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ሰባተኛ ወጣ። ዛሬ ስንቶቻችን ስሙን እናነሣለን? መንገዱ አላጠረለትም፥ ድካሙም አልቀለለለትም፤ ዝና ግን አንዱን አንሥታ ሌላውን ትታ ሄደች።

ለባለ ዝናውም ቢሆን ዝና ሁሉን አታደርግም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመ፤ በ1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ መራመድ ተሳነው። ዝናው ሊያስነሣው አልቻለም። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፥ በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። ያን ጊዜ ያበረታው ጭብጨባው ሳይሆን ለሮማ ያበቃው ያው ትጋቱ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በወንጌል ሁለት መክሊት ያተረፈው አገልጋይ፥ አምስት ካተረፈው ጋር እኩል ተመስግኗል። ከመካከላችን ምናልባት አንዱ በዓለም ይታወቅ ይሆናል፤ ብዙዎቻችን ግን ስማችን ከመንደራችን የማያልፍ አስተማሪ፥ አስታማሚ፥ ገበሬ፥ ጸሓፊ እንሆናለን። ፊደል ያስቈጠሩንን መምህራን ዓለም አያውቃቸውም፤ ያለ እነርሱ ግን አንድ መስመር እንኳ ማንበብ ባልቻልን ነበር። እንግዲህ «ማን ያውቀኛል?» ከማለት ይልቅ «ሥራዬ ማንን ጠቀመ?» እንበል። አንደኛም ብንወጣ ሰባተኛ፥ የጀመርነውን መንገድ እስከ መጨረሻው እንፈጽም።

እግዚአብሔር ያበርታን።