ስም ያጣ ሕመምና የመንግሥት ዕውቅና



የምናገርበት ጉዳይ በምርመራ ወረቀት ላይ በቀላሉ የማይታይ ሕመም ነው። ኮቪድ ይዞት ዳነ የተባለ ሰው ከወራት በኋላ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የጀመረውን ንግግር መጨረሻ ይረሳል፤ ጥቂት ከሠራ በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ደሙ ሲመረመር ደኅና፣ ደረቱ ራጅ ሲነሣ ደኅና ነው ይባላል። አሠሪው «ለገመ» ይለዋል፤ ቤተሰቡም ቀስ በቀስ ይጠራጠረዋል። እኛም ባለሙያዎቹ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ «ጭንቀት ነው» ብለን የሸኘነው ጥቂት አይደለም።

«የተራዘመ ኮቪድ» የሚለውን ስም ያወጡለት ሐኪሞች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ኢጣሊያዊቷ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ኤሊዛ ፔሬጎ፣ ራሳቸው ታመው ሳሉ፣ እንዲህ ብለው ጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ትርጓሜ ያወጣለት በኦክቶበር 2021 ነው።

ይሁንና ስም ብቻውን የሥራ ገበታን አያስጠብቅም። በምንኖርበት በአሜሪካ፣ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 31ኛ ዓመት በተከበረበት በጁላይ 26 ቀን 2021፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ሕመሙ እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠር እንደሚችል አስታወቁ። «ሊቆጠር ይችላል» የሚለውን ልብ በሉ። ሕመምተኛው ሁሉ በጅምላ አይካተትም፤ መተንፈስን ወይም ሐሳብ መሰብሰብን የመሰለ ዋነኛ የኑሮ ተግባር በብርቱ መገደቡ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መታየት አለበት። ይህን ከሚያስረዱት ነገሮች ዋነኛው እኛ የምንጽፈው ማስረጃ ነው። «ይደክማታል» ብሎ መጻፍና «ከ10 ደቂቃ በላይ መቆም አትችልም» ብሎ መጻፍ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለአሠሪ ምንም አይነግረውም፤ በሁለተኛው ግን ወንበር ሊፈቀድላት ይችላል።

ዕውቅና እንደሚሰጥ ሁሉ ይጓደላል። በ2023 በፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው የተራዘመ ኮቪድ ጽሕፈት ቤት በ2025 ተዘግቷል። የ1990ው ሕግ ግን በቦታው አለ፤ የማያውቀው ሰው አይጠቀምበትም እንጂ።

በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አንዲት እኅት «ዶክተር፣ ይህ የያዘኝ ነገር በአማርኛ ምን ይባላል? ለባለቤቴ የምነግረው አጣሁ» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ወዲያው የምመልስላት አልነበረኝም። ስለዚህ ሕመሙንና በሥራ ቦታ ያለውን መብት በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ ማኅበራችን እንዲያወጣ አሳስባለሁ። ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ እንድታርሙልኝ እለምናለሁ።