ዩሪያው ለበቆሎው ወይስ ለሐይቁ?

እሷ፦ ክረምቱ ገብቷል። ከሜጫ እስከ ፎገራ ገበሬው ዩሪያ ለመበተን ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

እሱ፦ ለዚህ እኮ ነው መባከን የሌለበት። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት የያዘው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። አፈር ካልለበሰ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ዶፍ ሲወርድ ደግሞ ታጥቦ ይሄዳል።

እሷ፦ ወዴት?

እሱ፦ በግልገል ዓባይና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል።

እሷ፦ እምቦጭን ያመጣው ማዳበሪያ ነው ልትለኝ ነው?

እሱ፦ አላልኩም። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ታየ፤ የሚቀልበው ግን ከማሳ የታጠበው አፈርና ንጥረ ነገር፣ ከከተማ የሚለቀቀውም ፍሳሽ ነው።

እሷ፦ ገበሬውን «ማዳበሪያ ቀንስ» ብትለው አይሰማህም፤ መስማትም የለበትም።

እሱ፦ ቀንስ ሳይሆን ከፋፍለህ ስጥ ነው። ለበቆሎ ገሚሱን በዘር ወቅት፣ ቀሪውን ቡቃያው ጉልበት ሲያክል፤ ከግንዱ ራቅ አድርጎ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሮ።

እሷ፦ ማፈራረቁንም አትርሳ። ባቄላ ነቅለህ ሥሩን ብታየው ትንንሽ እብጠቶች አሉት፤ ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ካለ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው። በዓመቱ እዚያው ላይ የተዘራ ስንዴ ያንን ያገኛል።

እሱ፦ ርካሹ ማዳበሪያ እሱ ነው።

እሷ፦ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ዩሪያው ዘግይቶ ከደረሰ ገበሬው ያገኘ ዕለት ሁሉንም ባንዴ ይበትናል። ስለዚህ የውሃው ጉዳይ የአቅራቢውም ጉዳይ ነው።