ክለብ ሲሰደድ
(በምሩቃን መሰባሰቢያ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከምትኖርበት አገር አንድ ቁም ነገር ይዘህ ና» ቢሉኝ የበረዶ ሆኪ ይዤ መጣሁ። አትሳቁ እንጂ! የምኖረው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው፤ እዚያ በብርዱ ወራት ከሆኪ ሌላ ብዙም ወሬ የለም። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ያደግነው በጊዮርጊስና በቡና ነው። ጊዮርጊስ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ገባ፣ ስሙንም ቀየረ ቢባል ማን ያምናል? በሰሜን አሜሪካ ግን የተለመደ ነው። ክለብ ማለት በሊጉ የመጫወት ፈቃድ ያለው የግል ንብረት ነው። ባለቤቱ ከከሰረ ይሸጠዋል፤ ገዢው የሊጉን ይሁንታ ካገኘ ይዞት ይሄዳል።

የእኛው ዊኒፔግ ጄትስ በ1979 ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ገባ፤ በ1996 ወደ ፊኒክስ፣ አሪዞና ተሰደደ። ምክንያቱ ለኢኮኖሚክስ ልጆች ሩቅ አይደለም፦ ትኬት የሚሸጠው በካናዳ ዶላር፣ የተጫዋች ደመወዝ የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው። የካናዳው ዶላር በወደቀ ቁጥር ክለቡ ሜዳ ሳይገባ ይሸነፋል። የምንዛሪን ነገር ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም መሰለኝ። አዳራሹም አርጅቶ ነበር፤ ለደመወዝ ጣሪያ የተበጀውም ኋላ፣ በ2005 ነው። በ1995 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ «ክለባችን አይሂድ» አለ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ የቁጠባ ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። አልበቃም። በዚያው ዓመት የኩቤክ ክለብ ወደ ዴንቨር ሄደና በመጀመሪያው ዓመቱ ስታንሊ ካፕን አነሣ። ለኩቤክ ሰዎች ምን ያህል እንደመረራቸው ገምቱት።

በረሃ የገባው ክለብስ? በ2009 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ። አንድ ካናዳዊ ባለሀብት ገዝቶ ወደ ሃሚልተን ሊወስደው ቢሞክር ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም፤ ሊጉ ራሱ ገዛው። የግሌንዴል ከተማ ምክር ቤት ክለቡ እንዳይሄድበት ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የመንገድና የቤተ መጻሕፍት ገንዘብ የሌላ ሰው ኪሳራ መሸፈኛ ሆነ። በ2022 ደግሞ ክለቡ 5,000 ሰው እንኳ የማይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ገባ። አዎ፣ የዩኒቨርሲቲ! ክቡራን መምህራን፣ የኛን ጂምናዚየም ደብቁ። በ2023 የቴምፒ ከተማ መራጮች ስለ አዲስ አዳራሽ ተጠይቀው «አይሆንም» አሉ፤ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። በ2024 ተጫዋቾቹ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሄዱ።

ዊኒፔግ በበኩሏ በ2011 የአትላንታን ክለብ ወሰደች። አትላንታ ያላችሁ አትቀየሙን፤ በ1980ም አንድ ክለባችሁን ካልጋሪ ወስዳባችኋለች። ያኔ ለሕዝብ የቀረበው የዓመት ትኬት በደቂቃዎች አለቀ፤ 13,000 ሰው ተመዘገበ። ከተማው አለቀሰ፣ በደስታ።

ከጊዜ በኋላ ግን ያው ፍርሃት ተመለሰ። በ2024 መጀመሪያ የክለቡ ባለቤት የዓመት ትኬት ያዢው ወደ 9,500 መውረዱንና በዚህ ሁኔታ ብዙ መዝለቅ እንደማይቻል ተናገሩ። «ማስፈራሪያ ነው» የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እኔ ቁጥሩን አምነዋለሁ፤ አዳራሻችን በሊጉ ካሉት ትንንሾቹ አንዱ ነው፣ ከተማችንም ትንሽ ናት፣ ባዶ ወንበር እንደ ቶሮንቶ አንችልም። የከተማው በጀት ይክፈል የሚሉትን ግን አልደግፍም፤ ግሌንዴልን አይተናል። ክለቡን የፈለገ ትኬት ይግዛ።

እኔና ሦስት የአገር ልጆች አንድ የዓመት ትኬት ለአራት ተካፍለን ይዘናል፤ ዘንድሮም አድሰናል። በየተራ ነው የምንገባው። ዊኒፔግ ብቅ ካላችሁ የኔን ተራ እሰጣችኋለሁ፤ ጋቢ ብቻ ግን አይበቃችሁም።